የቶልቻ መንገድ

አምስተኛው ላይ ሲደርስ ሻምበል ሀብተጊዮርጊስ እርሳሱን አቆመ። እስከዚያ ድረስ ዝርዝሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አንዱን ከአንዱ እየለየ ነበር የሚያነበው። «አንደኛ፣ የማለዳ ገበያ። ሁለተኛ፣ ቀለሟ። ሦስተኛ፣ የወፍጮ ቤት ወሬ። አራተኛ፣ ዝናብ በአኖ።» እያንዳንዱን ካነበበ በኋላ ትንሽ ምልክት ያደርግበታል። አምስተኛው ላይ ግን የእርሳሱ ጫፍ ወረቀቱን እንደነካ ቀረ። ሻምበሉ ቀና ብሎ ቀነዓን ተመለከተው።

«ቶልቻ ማነው?»

ቀነዓ ጥያቄው ለሌላ ሰው የቀረበ መስሎት ወደ ኋላው ዞር አለ። ከኋላው በሩ አጠገብ የቆመው አስተርጓሚው ፖሊስ ደረሳ ብቻ ነበር። እሱም ወለሉን ያያል።

«ሰው አይመስለኝም፣ ሻምበል። የዜማ ስም ነው።»

«የዜማ ስም መሆኑን አየሁ። ‘የቶልቻ መንገድ’ ይላል። መንገዱ የማን ነው?»

«አላውቅም።»

«ሸክላ ላይ አሳትመህ አታውቅም?»

ቀነዓ ነመራ የመጣው ፈቃድ ተጽፎለት ሊወጣ ነበር። ቅዳሜ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለሚያሳየው ትርኢት የዜማዎቹን ዝርዝር አምጣ ሲባል አመጣ፤ ሸክላውንም አምጣ ሲባል ትናንት ሁለቱን ካርቶን ከነማሰሪያቸው አምጥቶ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠ። በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል የጃዝ ባንድ ውስጥ ጊታር ይመታል። ያደገው ግን እዚሁ ነቀምት፣ እናት አባቱን በልጅነቱ አጥቶ፣ በሚሲዮኑ አዳሪ ቤት ነው። ጊታር ያስያዙት የሚሲዮኑ አናጺ ኦቦ ጨመዳ መገርሳ ነበሩ። ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጃዝን ከአጭር ሞገድ ሬዲዮ በጆሮአቸው ለቅመው የተማሩ፣ ስድስተኛው ክር ሲበጠስባቸው የቢስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትለው የሚወጥሩ ሰው ነበሩ። ያ ሽቦ የሚያወጣውን ወፍራም ድምፅ ቀነዓ በአዲስ አበባ ውድ ጊታሮች ላይ ፈልጎ አላገኘውም።

ከነቀምት ውጭ የሚያውቃቸው የለም። ቀነዓ ሁለት ዓመት ለፍቶ የእሳቸውን ስምንት ዜማዎች በአንድ ትልቅ ሸክላ አስቀረጸ። ሽፋኑ ላይ ፎቶግራፋቸውን አደረገ፤ ከሥሩም «ለመምህሬ ለጨመዳ መገርሳ መታሰቢያ» የሚል አሳተመ። ሸክላው ከአዲስ አበባ ሱቆች በፊት ነቀምት እንዲሰማ ብሎ የመጀመሪያዎቹን ካርቶኖች በአውቶቡስ ጭኖ ይዞ መጣ። በዜማዎቹ ውስጥ ዘፋኝ የለም፤ ጊታር፣ ባስና ድራም ብቻ። ቃል የሚባል ነገር ያለው ሽፋኑ ላይ ነው።

ሻምበሉ በጠረጴዛው ጫፍ ያለውን ሸክላ ማጫወቻ ባትሪ ፒክአፕ በጣቱ ነካ አደረገ። ከላዩ አንድ ሸክላ ተቀምጧል።

«ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። እጅህ ጥሩ ነው። እኔም በወጣትነቴ ክላርኔት ነፍቻለሁ፤ ስለዚህ ጆሮ የለውም አትበለኝ። ይሄ አምስተኛው ሦስቴ ይመታና አንዴ ዝም ይላል። ሦስቴ፣ ዝም። ሦስቴ፣ ዝም።» በእርሳሱ ጠረጴዛውን መታ። «ምንድነው እሱ? ጥይት ነው?»

«ምት ነው፣ ሻምበል። ኦቦ ጨመዳ እንዲያ ነበር የሚጫወቱት።»

«ከዓመት በፊት በጊዳ በኩል አንድ ቶልቻ የሚባል ጭሰኛ የባለመሬቱን ወኪል ገድሎ ጫካ ገባ። እስካሁን አልተያዘም። ስሙን ያልሰማህ አንተ ብቻ ነህ?»

«አዲስ አበባ ነው የምኖረው።»

«አዎ። ሸክላ እያሳተምክ።» ሻምበሉ ፈገግ አለ። ፈገግታው ክፉ አልነበረም፤ ቀነዓን ያስፈራውም ይኸው ነበር። «በጊዳ አንዲት ሴት አለች። ደጇ ላይ ለቆመ መንገደኛ እርጎ ሰጠች። ማን እንደሆነ አላውቅም ነው የምትለው፤ ልክ እንደ አንተ። አስቢበት አልናት። ይኸው ሁለት ወር ሆናት፣ እስካሁን እያሰበች ነው።»

ደረሳ በሩ አጠገብ ሳል አለ።

«ስሙን ራስህ ነህ ያወጣኸው?»

«የለም፣ ተነግሮኝ ነው።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ቀነዓ ስህተቱ ገባው። ሻምበሉ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ማን ነገረህ?»

ቀነዓ ዓይኑን ወደ ካርቶኖቹ አወረደ።

«ግዴለም። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ያን ሰው ይዘህልኝ ና። እሱ ያስረዳናል፤ አንተ ፈቃድህንና ካርቶኖችህን ትወስዳለህ፤ ቅዳሜም እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ አጨበጭባለሁ። ሰው ካላመጣህ ግን ስሙን ያወጣኸው አንተ ነህ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሸክላው እዚህ ያለው ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባ የቀረውም ይሰበሰባል። አንተም ተቀምጠህ ታስባለህ።»

*

ወደ ጨለለቂ ሰፈር የሚወስደው መንገድ በሰኔ ጭቃ ተበላሽቷል። ቀነዓ ጠርዝ ጠርዙን እየረገጠ ሄደ። ጠዋት ሲያልፍ «አካም ቡልቴ፣ ቀነዓ!» ብሎ ከሱቁ ወጥቶ እጁን የጨበጠው ልብስ ሰፊ አሁን የስፌት መኪናው ላይ ይበልጥ አጎነበሰ። ቀነዓ ምክንያቱን ያወቀው ዞር ሲል ነው። ደረሳ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ኋላ ይመጣል። ቀነዓ ሲቆም እሱም ቆመና የጫማውን ጭቃ በእንጨት መጥረግ ጀመረ።

የኦቦ ጨመዳ ሚስት ድርቤ ከቤቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የተቀቀለ አንጮቴ ትልጣለች። ልጇ ቀለሟ፣ አስተማሪዋ፣ ከበሩ ሥር የተማሪዎች ደብተር ቆልላ በቀይ እርሳስ ታርማለች።

«ነይ እዪው የሚንስትሩን ፊት!» አለች ድርቤ። «ፈቃድ ሊያመጣ ሄዶ ጥርሱን ነቅለውት ነው የመጣው? ና ተቀመጥ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ።»

ቀነዓ አዳሪ ቤት ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚበላው እዚህ በረንዳ ላይ ነበር። አዮ ይላታል፣ እናቴ እንደማለት። አጠገቧ ተቀመጠ።

«አዮ፣ አምስተኛው ዜማ ስሙ ማን ነበር?»

«የቶልቻ መንገድ። ነግሬህ አልጻፍከውም እንዴ?»

«ጽፌዋለሁ። ቶልቻ ግን ማነው?»

ድርቤ ቢላዋዋን ይዛ ቆየችና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። «ጉድ በል! እሱን ሳታውቅ ነው? ቀለሟ፣ ንገሪው እስቲ።»

ቀለሟ ከደብተሩ ቀና ሳትል «ጃራ ነዋ» አለች።

«የቱ ጃራ?»

«የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ እሱን ያሳደገው። አንተ ሳትወለድ ነው የሞተው። እናቴ የባሏን ታላቅ ወንድም ስም እንዴት ትጥራ? ለጉ ነው።»

ቀነዓ ለጉን አያውቅም ማለት አይደለም። ያገባች ሴት የባሏን አባት፣ እናትና ታላላቆች ስም በአፏ አታነሣም፤ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ሲያጋጥማት በሌላ ትለውጠዋለች። በአዳሪ ቤቱ ግን ሞግዚቶቹ ‘ክርስቶስ ከዚህ ነጻ አውጥቶናል’ እያሉ ሁሉን በስሙ ይጠሩ ነበርና፣ ለጉ ለእሱ በወሬ የሚሰማ የገጠር ነገር ሆኖ ቀርቷል። አምና በጥር እዚሁ በረንዳ ላይ ቴፑን ከፍቶ የዜማዎቹን ስም አንድ በአንድ ሲጠይቃት፣ የምትነግረው በእሷ አፍ የሚኖረውን ስም መሆኑ አልታሰበውም። ኦቦ ጨመዳ ራሳቸው «ያን እንጫወት፣ ያኛውን» ነበር የሚሉት፤ ስም ይጠሩ የነበረው ለሚስታቸው ብቻ ነው።

«ጃራ ከመገንባት ይመጣል» አለች ቀለሟ፣ ተማሪዎቿን እንደምታስረዳ። «የገነባ ሰው ደግሞ ያበጀ ነው። ያበጀው ቶልቻ ነው። ስለዚህ ገና በሙሽርነቷ ቶልቻ አለችው፣ እሱም አቤት ብሎ ኖረ። ይኼ ምን አላት! ‘ጃ’ ብሎ የሚጀምር ቃል በሙሉ እኮ ነው የቀረባት። ጃላላ አትልም።»

ጃላላ ፍቅር ማለት ነው።

«በመዝሙር ላይስ?» አለ ቀነዓ።

«ቃሉ ሲደርስ አፏን ትዘጋለች፤ አጠገቧ ስቆም አውቀዋለሁ። አባቴ ‘ወንድሜ መንገድ ብቻ አልቆፈረም፣ ፍቅርንም ከሚስቴ አፍ ቆፍሮ ወስዶብኛል’ ይል ነበር።»

«አባ ቀለሟ ውሸታም ነበር» አለች ድርቤ፣ ባሏን በልጃቸው ስም እየጠራች። «መች አጣውና! በሌላ ቃል እነግረው ነበር።»

«በምን ቃል፣ አዮ?»

«እሱ ደግሞ ላንተ ሸክላ አይደለም!» ብላ በላጠችው አንጮቴ ጉልበቱን መታችው።

ቀነዓ አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። «ያ ጃራ ምን ሠራ? መንገዱ ምንድነው?»

«በአኖ በኩል ያለውን መንገድ ሲሠሩ ድንጋይ ፈላጭ ነበር» አለች ድርቤ። «አባ ቀለሟ ልጅ ሆኖ አጠገቡ ተቀምጦ ይውላል። ድንጋዩን ሦስቴ ይመታዋል፤ ከዚያ መዶሻውን አስቀምጦ ድንጋዩን ያገላብጠዋል። ሦስቴ፣ ማገላበጥ። ሰውየው እሱን በዚያ መዶሻ አሳደገው። ኋላም ቋጥኝ ተንዶበት እዚያው ሞተ።»

ያ ዝምታ ይኸ ነበር ማለት ነው። ቀነዓ ያን ዜማ አሥር ዓመት ተጫውቶታል፤ ባዶውን ቦታ ዕረፍት እያለ ለባንዱ ሲያስረዳ ኖሯል። ዕረፍት አልነበረም። የድንጋይ መገላበጥ ነው። እጁ ሳያስበው ጉልበቱ ላይ ሦስቴ መታ፣ ቆመ።

ከዚያ ሻምበሉ ያለውን ሁሉ ነገራቸው።

የቀለሟ ቀይ እርሳስ ቆመ። ድርቤ ቢላዋዋን በሳህኑ ውስጥ አጋደመች። ከአጥሩ ውጭ ጥቁሩ ጃንጥላ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለች ድርቤ በመጨረሻ። «እኔ እሄድና እነግራቸዋለሁ። የኔ ቶልቻ ሞቶ ከተቀበረ ስንት ዘመኑ!»

«ምን ብለሽ?» አለች ቀለሟ።

«እውነቱን ነዋ።»

«የጊዳዋ ሴትዮ የነገረቻቸው ውሸት ነበር?»

ቀነዓ ተነሣ። «አትምጪ፣ አዮ። እኔው አስረዳቸዋለሁ። ያንቺን ስም አልጠራሁም፤ ማንም አያውቅም።»

«ያ ውጭ ያለውስ?» አለች ቀለሟ፣ በአጥሩ በኩል በአገጯ እያሳየች።

*

የሆቴሉ ባለቤት መሸሻ ታሪኩን ሲሰማ በመጀመሪያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባቱ ከሸዋ መጥተው ነቀምት የቀሩ ነጋዴ ናቸው፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ በሁለቱም ቋንቋ ይሳደባል። የቅዳሜውን ትርኢት ያሰናዳው፣ ማስታወቂያውንም በየግድግዳው ያስለጠፈው እሱ ነው።

«ስማ፣ ይኼን ለጉ የሚባለውን ለሸዋጌጥ አስተምርልኝ! ስሜን አንድ ቀን ሳትጠራ ብትውል ጆሮዬ ያርፍ ነበር።»

«ብጠራህስ ምን ይጠቅማል!» አለች ሚስቱ ከጓዳ። «ሥራ ሲመጣ ስምህ ቢጠራ መች ትሰማለህ?»

መሸሻ የባንኮኒውን እንጨት በጨርቅ ወልወል አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሆነም፤ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ዘወትር በዚህ ሰዓት አራት አምስት ሰው አይጠፋም ነበር።

«እኔ የምልህ፣ ሻምበሉ የሚፈልገው አንድ ስም ነው። ወረቀቱ ላይ የሚሞላበት። አሮጊቷ ነገሩኝ በልና ውጣ። የዕድሜ ባለጸጋ ናቸው፣ የሚሲዮን ሰው ናቸው፣ ምን ያደርጓቸዋል?»

«የጊዳዋን ሴትዮ ምን አደረጓት?»

መሸሻ ጨርቁን አጠፈው። እንደገና ዘረጋው። «የጭነት መኪና ሾፌሮቹ የሚሉትን ነው የሰማሁት» አለ። «ቤቷ ታሽጓል። ላሟን ጎረቤት ሊያልብ ፈርቶ፣ ጡቷ አብጦ ሞተች አሉ። ሴትየዋ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም።» ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ጣለ። «አሮጊቷ እንደ እሷ አይደሉም። ከተማ ነው ይኼ።»

«ከተማማ ነው።»

«ሰው ሁለት ዓመት የደከመበትን ነገር በአንድ ቃል አይጥልም፣ ቀነዓ። ኦቦ ጨመዳስ ቢሆኑ ምን ይላሉ? ስማቸው ካርቶን ውስጥ እንዲበሰብስ ነው?»

ይህን ቀነዓም ሲያስበው ነበር የዋለው። ያ ፎቶግራፍ፣ አናጺው በእሁድ ኮታቸው፣ እርሳስ ከጆሮአቸው ላይ ሳያወርዱ የተነሡት። ሸክላው ከተሰበሰበ እሳቸውን የሚያስታውስ ድምፅ የሚቀረው በእሱ ጣቶች ላይ ብቻ ነው። እነዚያ ጣቶችም ከነገ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የት እንደሚሆኑ አይታወቅም። አንድ ስም ቢናገር ግን ቅዳሜ አዳራሹ ይሞላል። ድርቤም ምናልባት ተጠይቃ ትመለሳለች። ምናልባት።

ወደ ክፍሉ ሊሄድ ሲነሣ፣ መሸሻ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ጥጉን በጥፍሩ ሲልጥ አየው።

«ዝናቡ እንዳያበላሸው ብዬ ነው» አለ መሸሻ፣ ሳያየው።

በረንዳው ሰፊ ነው፤ ዝናብ እዚያ አይደርስም።

*

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቀነዓ ብቻውን ወደ ቢሮው ወጣ። ሌሊቱን ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ስለ ድንጋይ ፈላጩ፣ ስለ መዶሻው፣ ስለ መገላበጡ። የማንንም ሕያው ስም ሳይጠራ ሊያስረዳ ነበር። በሩን ሲከፍት ንግግሩ ሁሉ ጠፋው።

ድርቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ በዝናቡ ርሶ ከትከሻዋ ላይ ተጣብቋል።

«ማን አመጣሽ?» አላት በኦሮምኛ።

«እግሬ።»

«ተቀመጥ» አለ ሻምበሉ። «ራሳቸው ናቸው የመጡት። ካንተ እሳቸው ይሻላሉ። በል፣ ደረሳ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የነገሩኝን አሁንም ይድገሙልኝ፤ እሱም ይስማ።»

ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ እያየለ ስለመጣ ደረሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚያስተረጉመው። ድርቤ ሁሉንም ተናገረች፤ የባሏን ታላቅ ወንድም፣ መንገዱን፣ ሙሽራ ሆና ያወጣችለትን ስም። ሻምበሉ እየጻፈ አዳመጠ። ስትጨርስ ወደ ደረሳ ዞረ።

«እውነት ነው? እንዲህ ያለ ልማድ አላችሁ?»

ደረሳ የጫማውን አፍንጫ አየ። «በገጠር ይባላል፣ ጌታዬ። በእኛ ቤት የለም።»

ጥያቄውን ድርቤ በአማርኛውም ተረድታው ነበር። «አንተ ሰውዬ» አለችው በኦሮምኛ፣ «ሚስትህ አባትህን ማን ብላ ነው የምትጠራው?»

«ምን አሉ?» አለ ሻምበሉ።

«ምንም፣ ጌታዬ። ነጠላቸው መርጠቡን ነው።»

«መልካም።» ሻምበሉ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «እናቴ፣ ነገሩ ቀላል ነው። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ያ ሰው ስሙ ሌላ ከሆነ እዚህ አንድ ጊዜ ይጥሩልኝ። አንዴ። እኔም አምናለሁ።»

ደረሳ አስተረጎመ። የድርቤ እጆች ጭኗ ላይ ተቆላልፈዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልወጣ ቃል ነው፤ ቀብሩ ላይ እንኳ ስታለቅስ ቶልቻ ብላ ነው ያለቀሰችው።

ቀነዓን መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። ሁለት ፊደል ብቻ። ትላቸዋለች፣ ታፍራለች፣ ታለቅስ ይሆናል፣ ከዚያ ይህ ሁሉ ያልቃል። ቅዳሜ አዳራሹ ይከፈታል። እንዲህ እያሰበ ዓይኑ ሻምበሉ ፊት ያለው ወረቀት ላይ አረፈ። ጽሑፉ ለእሱ ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ የባንድ ጓደኞቹን ኖታ ከፊት ለፊት ማንበብ ስለለመደ ግን አልቸገረውም። የሻምበሉ እጅ ጽሑፍ ንጹሕ ነበር። መጨረሻ ላይ የተጻፈው ቀለሙ ገና አልደረቀም፦

«ስሙን መጥራት አልችልም ያለችው ይህችው ሴት፣ በተጠየቀች ጊዜ ያለ አንዳች ችግር ጠርታዋለች። ስለዚህ ቶልቻ የሚለው»

ዓረፍተ ነገሩ እዚያ ላይ ቆሟል። ድርቤ ገና አፏን አልከፈተችም።

ብትጠራው፣ መጥራት ስትችል ለምን ቶልቻ አለች ይሏታል። ባትጠራው፣ የምትደብቀው አላት ይሏታል። ሻምበሉ የድርቤን አፍ እንኳ አያይም ነበር፤ ብዕሩን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ ይጠብቃል።

ድርቤ ትንፋሽ ሳበች። ዓይኗን ጨፈነች። ቀነዓ ምላሷ ወደ ላይኛው ጥርሷ ሲነሣ አየ።

«አዮ!» አለ በኦሮምኛ። «ከአፍሽ አታውጪው። ዛሬም፣ ነገም፣ ለማንም። ተነሥተሽ ወደ ቤት ሂጂ።»

ዓይኗን ከፈተች። ሻምበሉ ብዕሩን ይዞ ወደ ደረሳ ዞረ።

«ምን አላቸው?»

ደረሳ ከቀነዓ ወደ ድርቤ ተመለከተ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

«ዝናቡ ሳይብስ ወደ ቤት ይሂዱ ነው ያላቸው፣ ጌታዬ።»

ሻምበሉ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ደረሳን፣ ረዘም አድርጎ። ደረሳ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ ቀነዓ። «እሳቸው ምንም አልነገሩኝም። ባላቸውን ስለማውቃቸው ሊያድኑኝ ነው የመጡት። ቶልቻ የሚለው ደስ አለኝ፣ ጻፍኩት።»

«ትናንት ተነግሮኝ ነው ብለሃል።»

«ትናንት ፈርቼ ነው።»

«ዛሬስ?»



ሻምበሉ የጻፈውን ወረቀት አነሣ፣ ለሁለት ቀደደውና ቁራጮቹን አንዱን በአንዱ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ። ያን ያህል የተናደደ አይመስልም። በእግሩ ካርቶኖቹን ወደ ጠረጴዛው ሥር ይበልጥ ገፋቸው። «ይኼንንስ አሰብክበት?»

«አስቤበታለሁ።»

ድርቤ ተነሣች። የተባለውን ሁሉ አማርኛዋ እንደፈቀደ ተከትላዋለች። ቀነዓ አጠገብ ስትደርስ ቆመች፤ ፊቷ የተቆጣች ሴት ፊት ነበር። «አባ ቀለሟ ቢኖር ኖሮ» አለችው፣ «በመዶሻ ነበር ራስህን የሚልህ።» እርጥብ እጇን ራሱ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየችና ወጣች። ደረሳ በሩን ከፈተላት፤ ጃንጥላውንም ከጥጉ አንሥቶ ያለ ቃል አስያዛት።

ሻምበሉ ከመሳቢያው አዲስ ቅጽ አወጣ። «ስሙን ያወጣው» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ባዶ መስመር አለ። ብዕሩን አዙሮ ሰጠው።

ቀነዓ ብዕሩን ተቀበለ። ስሙን ከነአባቱ፣ ፊደሎቹን አንዱን ከአንዱ አራርቆ፣ ማንም በሌላ ስም እንዳያነበው አድርጎ ጻፈ።